አውራ ዶሮው የገዛው ባትሪ

ደብረ ታቦር እኔ በምኖርበት ሰፈር የቧንቧ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ሊመጣ ሲል ቧንቧው መጀመሪያ ያፏጫል፣ ቀጥሎ ጉሮሮው እንደታነቀ ሰው ያስልና ዝም ይላል፣ ከዚያ በኋላ ነው ውሃው ጭቃ ጭቃ እየሸተተ የሚወርደው። ባለፈው ሰሞን ሊነጋጋ ሲል ያ ፉጨት ቀሰቀሰኝ፤ ባልዲ ይዤ በመሮጥ ፈንታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ አዳመጥኩት፣ ደረቅ ቦይ ውስጥ የሚመጣ ውሃም ልክ እንዲህ ነበር የሚሰማው። ቅጠሉንና ጭራሮውን ከፊቱ እየገፋ፣ የደረቀውን አፈር እያራሰ፣ እየተንሾካሾከ ይመጣ ነበር። ልጅ ሳለሁ ያንን ሹክሹክታ ለመስማት ከእናቴ ጋር ስንት ሌሊት በጉና ብርድ እንደተገረፍን የምናውቀው እኛው ነን።

አገራችን ከጋፋት ባሻገር፣ ፊቱን ለጉና የሰጠ ተረተር ላይ ነው። እንግዳ ሰው ጋፋትን የሚያውቀው መድፍ የተሠራበት ቦታ ነው እየተባለ ሲሆን፣ ለእኛ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ገበያ የምንወጣበት አቋራጭ ነበር። እናቴና አባቴ የተፋቱት እኔ ትምህርት ቤት በገባሁበት ዓመት ነው። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ንብረቱን አካፈሉ፤ በሬው ለአባቴ፣ ላሟ ለእናቴ፣ ቤቱ ለእናቴና ለእኔ ሆነ፤ ከወንዙ አፋፍ ጀምሮ እስከ ጓሯችን የሚወርደው የመስኖ መሬት ደግሞ መሐሉ ላይ ድንበር ተበጀለትና ላይኛው ለአባቴ፣ ታችኛው ለእናቴ ደረሰ። አባቴ ከማሳው ራስጌ ጎጆ ቀልሶ ሌላ ሚስት አገባ። እናቴ ለበሬውም ሆነ ለሰውየው አላለቀሰችም፤ ያንገበገባት ደህናውን ባትሪ አባቴ ይዞት መሄዱ ነበር። ሽማግሌዎቹ የሰጡት ምክንያት «ሌሊት የሚወጣው ወንድ ነው» የሚል ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ሌሊት ስትወጣ የኖረችው ማን እንደሆነች መጥተው ቢያዩ ደስ ይለኝ ነበር።

በኅዳር፣ የገብሱ አጨዳ ሲያበቃ፣ የቦዩ ተጠቃሚ ሁሉ ዶማና አካፋውን ይዞ ይወጣና ዋናውን ቦይ ይጠርግ ነበር። ሥራውን የሚመሩት የውሃ አባቱ አያ ፈንቴ ነበሩ። የውሃ አባት ማለት ተራ የሚያወጣ፣ ውሃ የሚያከፋፍል፣ በውሃ የተጣላ የሚያስታርቅ ሰው ነው፤ በበጋ ወራት ከንስሐ አባት ይልቅ እሱ ይፈራል። ጠረጋው ሲያልቅ አያ ፈንቴ ኩታቸውን መሬት ላይ ያነጥፉና እያንዳንዱ ሰው ምልክቱን፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ስባሪ ጭራሮ፣ አንዱ የበግ በጠጥ፣ ይጥልበት ነበር፤ ከዚያ ምንም የማያውቅ ሕፃን ተጠርቶ አንድ በአንድ ያነሳል፣ ቀድሞ የተነሳለት የቀኑን ተራ እየያዘ ይሄዳል። እናቴ እንደ ማንኛውም ወንድ ስትቆፍር ውላ፣ ምልክቷን እንደ ማንኛውም ሰው ጥላ፣ በየዓመቱ ሌሊቱ ይደርሳት ነበር። ምንም የማያውቀውን ሕፃን ይህን ያህል ማን እንዳስጠናው እስከ ዛሬ አልገባኝም።

የማልረሳው ዓመት የደረሰን ተራ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከመጀመሪያው ዶሮ ጩኸት እስኪነጋ ድረስ ነበር። ድንች ተክለናል። ድንች ደግሞ ውሃ ካላገኘ ቅጠሉ ብቻ ይቀርና ሥሩ ጠጠር ያክላል። ከድንቹ የሚከፋው ግን የቦዩ ሕግ ነው፤ ተራውን እያገኘ ደጋግሞ ያላጠጣ ሰው «አልቻለም» ይባልና ተራው ለሌላ ይሰጥበታል፣ ውሃ የሌለው የመስኖ መሬት ደግሞ ለሌላ አራሽ በእኩል ከመስጠት በቀር ምንም አይሠራበትም። እናቴ በእኩል መስጠት የሚሉትን ነገር አትወድም ነበር። ያመረተው ሰው ግማሹን ሲያመጣልሽ ሌላው ግማሽ የት እንደገባ ስታስቢ ትኖሪያለሽ ትለኝ ነበር።

ታኅሣሥ ሲገባ ችግሩ ጀመረ። ከወንዙ አፍ ቦዩን ሙሉ አድርገን የለቀቅነው ውሃ እኛ ማሳ ሲደርስ ቀጥኖ የአይጥ ጅራት ያክላል። መንገድ ላይ የሚቆርጠው ሰው እንዳለ ግልጽ ነው፤ ማን እንደሆነ ግን በምን እናያለን? የቀረችን ባትሪ ጣት የምታክል ፕላስቲክ ነበረች፣ ብርሃኗም ብጫ፣ የታመመ ብርሃን። ሁለቱን ድንጋዮቿን ቀን ቀን አውጥቼ ድንጋይ ካብ ላይ ፀሐይ አሞቃቸው ነበር፤ ያም ሳይበቃ ሲቀር እንደ አገሩ ሰው ሁሉ በጥርሴ ነከስ ነከስ አደርጋቸውና ትንሽ ነፍስ ይዘሩ ነበር። ሁለት ተራ እንዲህ አለፈ። ሦስተኛው ተራ ላይ የድንቹ ቅጠል ጫፍ ጫፉ መጠቅለል ሲጀምር እናቴ ትልሙ ላይ ቁጢጥ ብላ ቅጠሉን በመዳፏ ይዛ ቆየችና «አውራ ዶሮው ይሸጣል» አለችኝ።

ይህ አውራ ዶሮ ለገና የተቀለበ ቀይ ዶሮ ነበር። የገና ወጣችን እሱ ነው። በዚያ ላይ ሰዓታችን እሱ ነው፤ የውሃ ተራችን የሚጀምረው በእሱ ጩኸት ነበርና። እኔ አኩርፌ እያለቀስኩ፣ እሱ በክንዴ ሥር ታቅፎ ዓይኑን እያቁለጨለጨ፣ በገና ዋዜማ ቅዳሜ ገበያ ወጣን። በዋዜማ ደግሞ ዶሮ ዋጋ ያወጣል። እናቴ ብሩን በመቀነቷ ቋጥራ፣ ጨው እንኳን ሳትገዛ፣ ገመድና ዶማ ወደሚሸጡት ወደ ሐጂ ኑሩ ሱቅ አቀናች፤ ከአውራ ዶሮው ዋጋ አንድ ሳንቲም አይጨመርበትም፣ ያንን ቀድማ ነግራኛለች።

በዚያን ጊዜ የቻይና ባትሪ ገበያውን አጥለቅልቆት ነበር። ሐጂ ኑሩ በር ላይ በገመድ ተሰክቶ ተንጠልጥሏል፤ አንድ ዓይን ያለው አለ፣ እንደ ማር እንጀራ ዓይኑ የበዛ አለ፣ ግንባር ላይ የሚታሰር አለ፣ በመብራት የሚሞላ አለ። የመጨረሻውን እናቴ አላየችውም፣ የሚሞላበት መብራት የት አባቱ ይገኛል። የገዢው ሰው አመራረጥ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር፤ በጠራራ ፀሐይ ያበራውና ወደ ራሱ ዓይን ያዞረዋል፣ ዓይኑን ካስለቀሰው ከፍሎ ይሄዳል።

«ዓይኔን ላሳውር አይደለም የመጣሁት» አለች እናቴ። «በዚህ ብር የሚገዛውን ሁሉ ያውርዱልኝ።»

ሐጂ ኑሩ ጢማቸውን እየደባበሱ አወረዱላት። እሷ በሩ ላይ ያለው ጆንያ ላይ ተቀመጠችና ጋቢዋን አውልቃ እላይዋ ላይ ጣለችው፤ «ስመኝ፣ ግቢ» ብላ እኔንም ጎትታ አስገባችኝ። ጋቢው ውስጥ ጨለማ ነበር፣ ቅቤና ጭስ ጭስ ይሸታል። ባትሪዎቹን አንድ በአንድ እያበራች፣ እያጠፋች፣ እንደገና እያበራች ታነጻጽራለች። ውጭ ሰው ተሰብስቧል።

«ምን ሆና ነው? ዕንቁላል ታቅፋለች እንዴ?» ይላል አንዱ።

«ባትሪ እየመረጠች ነው፣ ተዋት» ይላሉ ሐጂ።

እኔ በሀፍረት ልሞት ደርሼ ነበር፤ እሷ እቴ። ይሳቁ፣ ፀሐይ ላይ ባትሪ የሚመርጡት እነሱ ናቸው አለችኝ። ዓይኑ የበዛው ሲበራ የጋቢው ድርና ማግ አንድ በአንድ ታየ፣ የእናቴ የእጅ ሥር ሳይቀር ታየ። ከዚህ በኋላ ማወዳደር አላስፈለገም። ያንን ገዝተን፣ ድንጋይ አስገብተን፣ እንደ ባለ ድል በጋፋት በኩል ወረድን።

ገናን በድንች ወጥ ፈሰክን። ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዴ የአባቴን ጉልበት ልስም ወደ ላይ ወጣሁ። አባቴን እወደው ነበር፤ ይህን ካልተናገርኩ የቀረው ትዝታ ሁሉ ውሸት ይሆናል። ድምፁ ወፍራም ነው፣ «የኔ ስመኝ» ሲለኝ ሆዴ ይሞቃል። ያን ቀን ከዶሮው ፈረሰኛውን አውጥቶ ሰጠኝ፣ ደብተር መግዣም ሰጠኝ።

«ባትሪ ገዛችሁ አሉ» አለኝ።

ዓይኑ ብዙ እንደሆነ፣ እንደ ወተት ነጭ እንደሆነ፣ እናቴ ጋቢ ውስጥ ገብታ እንደመረጠችው እያሳቅኩ ነገርኩት። ሳቀ። ስሄድ በሩ ድረስ ሸኝቶኝ «ለእናትሽ ንገሪያት» አለ፤ «መሬቱን በእኩል ትስጠኝና ትረፍ። ሴት ከብርድ ጋር ምን አታገላት?»

ያዘነልን መስሎኝ ደስ እያለኝ ወረድኩና ለእናቴ ነገርኳት። እሷ ላሟን እያለበች ነበር፣ ቀና እንኳን አላለችም።

«አንዴ ተካፍለናል በይው» አለችኝ።

በጥር አዲሱን ባትሪ ይዘን ወጣን። አውራ ዶሮ ስለሌለን የተነሳነው ከላይ ከአባቴ ቤት በጮኸው ዶሮ ነው። ውርጩ ሣሩ ላይ ጨው የተነሰነሰ አስመስሎታል። መጀመሪያ በብርሃኑ እየተደነቅኩ ሄድኩ፤ እግራችን ሥር ያለው ጠጠር፣ የእንቁራሪት ዓይን፣ የእናቴ ጫማ ስፌት ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከትንሽ እርምጃ በኋላ ግን ብርሃኑ ያልቅና ጥቁር ግድግዳ ይቆማል፣ ከግድግዳው ወዲያ ምንም የለም። ውሃው ማሳችን ደርሶ ጥቂት ትልም እንዳጠጣን መቅጠን ጀመረ። ባትሪውን እያወዛወዝን ወደ ላይ ሮጥን። ከማሳችን በላይ፣ ከብሳናው ዛፍ ሥር ካለው የቦይ ጥምዝ ስንደርስ ማንም የለም፤ እናቴ ግን ጎንበስ ብላ የቦዩን ጠርዝ በእጇ ዳሰሰችና እርጥብ ጭቃ አነሳች።

«አሁን ነው የተደፈነው» አለች።

ስንወርድ ውሃው ደግሞ ቀጠነ። ስንወጣ ደግሞ ተደፍኖ ጠበቀን። እንዲህ እየተመላለስን ሊነጋ ሲል እናቴ እኔን ማሳው ላይ ባትሪውን አብርቼ እንድቆም አዘዘችኝና ብቻዋን በጨለማ ወደ ብሳናው ወጣች። ቆይታ ስትመለስ ትስቅ ነበር፤ ያንን ሳቅ ግን አልወደድኩትም።

«ከብሳናው ሥር ሆኜ አየሁሽ» አለችኝ። «የቀሚስሽ አበባ ሳይቀር ይታያል። ይሄ ባትሪ ለእኛ አያበራም፣ እኛን ነው የሚያሳየው።»

የጋቢው ነገር ያን ጊዜ ገባኝ። ጋቢ ውስጥ ያለው ጨለማ አንድ ክንድ ነው፤ ለአንድ ክንድ ዓይኑ የበዛው ይበልጣል። የእኛ ሌባ ያለው ግን አንድ ክንድ ላይ አልነበረም። እንደ ገበያው ሰው በዓይኗ መርጣ ብትሳሳት ይሻላት ነበር፣ ብልጠቷ አቃጠላት። ሐሙስን፣ ዓርብን ከራሷ ጋር እየተጣላች ዋለች፣ በሳምንቱ ተራም ውሃው ያው ሆነ፣ ቦዩ ላይም የእናቴ ስም እየተነሳ «አንጓች አልቻለችም» መባል ተጀመረ።

ቅዳሜ ባትሪውን በጨርቅ ጠቅልላ ሐጂ ኑሩ ፊት አስቀመጠችው።

«የተጠቀሙበት እቃ አይመለስም፣ እህቴ» አሉ ሐጂ።

«እኔ አልተጠቀምኩበትም። የተጠቀመበት ሌባው ነው።»

ሐጂ ነገሩ ገርሟቸው ታስረዳቸው ዘንድ ጠየቋት፣ እሷም የውሃውን ነገር ነገረቻቸው። እቃ እንደማይመልሱ ደግመው ቢነግሯትም ከሱቁ በር የምትነሳ አልሆነችም፤ ገመድ ሊገዛ የመጣ ሰው ሁሉ በእሷ ላይ ተራምዶ መግባት ነበረበት። በመጨረሻ ከሱቁ ጀርባ ያለውን መጋዘን አስከፈተቻቸው። መጋዘኑ ረጅም ነው፣ ግራና ቀኙ ጆንያ፣ መጨረሻው ላይም ጆንያ፤ በሩ ሲዘጋ ድቅድቅ ይላል።

«ልጄ ፊደል ታውቃለች» አለች እናቴ። «ከዚህ ሆና ያንን ጆንያ የምታነብበትን ባትሪ ይስጡኝ።»

ዓይኑ የበዛውን አበሩት፤ የፊተኛው ጆንያ ቦግ አለ፣ የኋላው የለም። የግንባሩን አበሩት፤ ያው። ሌላ፣ ሌላ። እኔ አንገቴን አስግጌ አንድ ፊደል አልያዝኩም። ተስፋ ቆርጠን ልንወጣ ስንል እናቴ በሩ ጥግ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ አሮጌ የቆርቆሮ ባትሪ አየች፤ ራሱ ጎድጎድ ያለ፣ ቀለሙ የተላላጠ፣ ባለ አንድ አምፑል።

«እሱስ?»

«እሱ የእኔ ነው። ማንም አይገዛውም፣ ጊዜው አልፏል። አይጥ ነው የማይበት።»

«እኔም አይጥ ነው የማይበት» አለችና አንስታ አበራችው።

ብርሃኑ ነጭ አልነበረም። እግራችን ሥር ምንም አልታየም፣ የሐጂ ፊት አልታየም፤ ከመጋዘኑ መጨረሻ ግን ሰፌድ የምታክል ብጫ ክብ ጆንያው ላይ ዱብ አለች፣ እኔም «የምግብ ጨው» ብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩ። እናቴ ወደ ሐጂ ዞረች።

«ለሰው ዓይን የሚያስለቅሰውን እየሸጡ፣ ለራስዎ የሚያየውን ያስቀራሉ?»

ሐጂ ኑሩ ሳቃቸው መጣ። ተለዋወጡ። እናቴ የእኔ አዲስ ነው፣ የእርስዎ አሮጌ ነው ብላ ተከራክራ፣ በልዩነቱ ሁለት ትልልቅ አዳዲስ ድንጋይ አስጨመረቻቸው።

የካቲት ገብቶ፣ ዐቢይ ጾም ሊያዝ ሲል፣ ተራችን ደረሰ። እናቴ ያችን ጣት የምታክል ባትሪ አብርታ ማሳችን መሐል ዶማ እጀታ ላይ አሰረቻት፤ ከላይ ለሚያይ ሰው እኛ እዚያ ነን። ከዚያ በጨለማ፣ እኔ የጋቢዋን ጫፍ ይዤ፣ ቦዩን እየተከተልን ወጣን። የቆርቆሮው ባትሪ በእኔ እጅ ነበር፤ እሷ ዶማ ይዛለች። «ትከሻሽን እስክነካሽ አታብሪ» ብላኛለች። ውሃው በጎናችን ሙሉ ሆኖ ይወርዳል። ብሳናው ሲቃረብ መጀመሪያ የዶማ ድምፅ ሰማሁ፣ ረጋ ያለ፣ የራሱን መሬት የሚቆፍር ሰው ድምፅ። ከዚያ ውሃው በጎናችን ቀጠነ። እናቴ ትከሻዬን ነካችኝ።

ብርሃኗ ማሳውን ተሻግራ ሄዳ የአንድ ሰው ጀርባ ላይ አረፈች። ሰውየው ዞረ። አባቴ ነበር።

አንድ እግሩ ቦዩ ውስጥ ነው፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቧል፤ በገና የሳምኩት ጉልበት። ከበስተኋላው ውሃችን የእሱን ድንች ትልም ለትልም እየሞላ ይሄዳል። እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ወደ እኛ ተመለከተ።

«ማነው?»

እናቴ ከብርሃኑ ውጭ እንደቆመች ነች።

«ስመኝ ነሽ?» ድምፁ ያው የምወደው ድምፅ ነበር። «ዓይኔን አጠፋሽው፣ የኔ ልጅ። ዝቅ አድርጊው።»

ያዘዘኝን ሳልፈጽም ቀርቼ አላውቅም ነበር። እጄ በራሱ ጊዜ ዝቅ ሊል ሲጀምር ተሰማኝ፤ እናቴን አየኋት፣ እሷ ግን ወደ እኔ አላየችም፣ ነገሩን ለእኔ ትታዋለች። ንዴቱ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ምናልባት ከፈረሰኛው ነው፣ ምናልባት የባትሪያችንን ዓይነት እያሳቅኩ የነገርኩት እኔ በመሆኔ ነው። ባትሪውን በሁለት እጄ ያዝኩና መልሼ ፊቱ ላይ አነሳሁት።

«ተራው የእኛ ነው፣ አባ» አልኩት።

አባቴ አንገቱን ደፋ። እናቴ ዶማዋን ይዛ ብርሃኑ ውስጥ ገባች፣ እግሩ ሥር ጎንበስ ብላ ጓል በጓል እየደረደረች የቆረጠውን ደፈነች፤ እሱ ቆሞ ያያል። ስትጨርስ በዶማው ጀርባ ሁለቴ ቸብ ቸብ አድርጋ ደለደለችው። ውሃው ትንሽ ተጠራቀመና ተመልሶ ወደ ታች ዞሮ፣ እየተንሾካሾከ በእኔ እግር ሥር አለፈ። አባቴ ከቦዩ ወጥቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ ብርሃኑን ከላዩ አላነሳሁም፣ የአጥሩን በር እስኪዘጋ ድረስ ተከተልኩት።

ስንወርድ አለቀስኩ፤ ከሐዘኑ ንዴቱ ይበልጥ ነበር።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«አውቅ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ታምኚኝ ነበር?»

አላምናትም ነበር። ከዚያ በኋላ እስኪነጋ ድረስ እሷ ውሃውን በየትልሙ እየመራች፣ እኔ ብሳናውን በባትሪ እየጠበቅኩ፣ ማሳው ዳር እስከ ዳር ጠጣ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አያ ፈንቴ የቦዩን ሰው ደጀ ሰላሙ አጠገብ ሰብስበው ነበር። አባቴም የካቡ ጥግ ተቀምጧል። አያ ፈንቴ ጉሮሯቸውን ጠርገው «አንጓች፣ ውሃው አልደርስሽ ካለ ተራው ለሚችል...» ብለው ሲጀምሩ እናቴ ተነሳች።

«ደርሶኛል፣ አያ ፈንቴ። ከእንግዲህም ይደርሰኛል። ባትሪ ለውጫለሁ።»

ሰው ሳቀ። አባቴ መሬቱን በጭራሮ ይጭር ነበር። ስሙን ትጠራዋለች ብዬ ጠበቅኩ፤ እኔ ብሆን እጠራው ነበር። እሷ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች፣ የተራው ነገርም በዚያው ቀረ። መጋቢት ላይ የተቆፈረው ድንች የሰው ጭብጥ ያክል ነበር፤ ከእሱ ሽያጭ መጀመሪያ የተገዛው አውራ ዶሮ ነው፣ እሱም ቀይ። በሚቀጥለው ኅዳር ዕጣ ሊወጣ ሲል እናቴ «የዘንድሮውን ሕፃን እኔ አመጣለሁ» ብላ ከማዶ አንዱን አዝላ መጣች፤ ማንም ደፍሮ አይሆንም አላላትም። ሐሙስ ጠዋት ደረሰን።

የበዓል ጉልበት መሳሙን ለሁለት ዓመት ተውኩት። በሦስተኛው ሄድኩ። ስለዚያ ሌሊት እሱም አላነሳ፣ እኔም አላነሳሁ። ክረምት ሲሆን ቦዩ ተራ አይፈልግም፣ ውሃ ለሁሉም ይበቃል፤ ያኔ የቆርቆሮው ባትሪ ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ የላሟን በረት ብቻ ሲያይ ይከርም ነበር።

እናቴ ዛሬም እዚያው መሬቷ ላይ ነች፣ ለማንም በእኩል አልሰጠችም። አባቴ ዓይኑን የሞራ ግርዶሽ ስለጋረደው ለሕክምና መጥቶ እኔ ዘንድ ነው የሰነበተው። ሐኪሟን «ዓይኔን ያጠፋችው ይቺ ናት» ብሎ ሲያስቃት እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ምን ማለቱ እንደሆነ የገባን ግን ሁለታችንን ብቻ ነው። መጀመሪያ ባነሳሁት ዕለት ንጋት፣ የቧንቧውን ፉጨት ካዳመጥኩ በኋላ፣ ባልዲውን ደቅኜ ስመለስ እሱም ተነስቶ ወደ ጓሮ ለመውጣት ግድግዳውን እየዳበሰ ነበር። የስልኬን መብራት አበራሁለት። አሁን መብራት ማንም እጅ ላይ አለ፣ አውራ ዶሮ አይሸጥበትም፤ ይህ የስልክ ብርሃን ነጭ ነው፣ ከእግር አያልፍም፣ እናቴ ብታየው አትገዛውም ነበር። ለእግር ግን ይበቃል። ድንጋይ እንዳያደናቅፈው እግሩ ሥር ዝቅ አድርጌ ያዝኩለት።

«አሁንስ ዝቅ ማድረግ ለመድሽ» አለኝ።

ሀያ ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው፤ ያንን ነገር ለሐኪሟ በቀልድ ሳይሆን ለእኔው ሲያነሳ የመጀመሪያው ነው። ይቅርታ እንድጠይቀው ፈልጎ ከሆነ አልጠየቅኩትም፣ ዛሬም ቢሆን ያን ባትሪ ያዢ ብባል በሁለት እጄ ነው የምይዘው።

«ያን ጊዜ ተራው የእኛ ነበር፣ አባ።»

ክንዴን ይዞ ጥቂት ተራመደ። ብርሃኑ ከእግሩ ፊት ፊት ይሄዳል።

«የእናንተ ነበር» አለ።

ባልዲው ሞልቶ መፍሰስ ጀምሮ ስለነበር፣ እሱን ጓሮው በር ላይ አቁሜ ሄጄ ቧንቧውን ዘጋሁት።